አጥንት ያነቀው ማሽን፦ ከሲንክ ሥር የተደረገ አጭር ጥናት

ዲስፖዛል በአሜሪካ ቤቶች ከዕቃ ማጠቢያው ሲንክ ሥር ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ከማዕድ የተረፈውን ሁሉ ሳያማርጥ የሚቀበል፣ አንድ ቀን ሲያንቀው ግን ቤተሰቡን በሙሉ ለስብሰባ የሚያስጠራ ማሽን ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማ የሚከራዩ ኢትዮጵያውያን ከቤቱ ጋር አብሮ ያገኙታል። ስለ ጠባዩ ያላቸው ዕውቀት በአብዛኛው የቃል ትውፊት ነው፤ ቀድሞ አሜሪካ የገባው ኋላ ለመጣው ያስተምራል፣ ለቀደመው ያስተማረው ግን የለም።

የማሽኑ የትውልድ ሐረግ በግልጽ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በራሲን ከተማ፣ ጆን ሃምስ የተባለ አርክቴክት ሚስቱን ከማዕድ ቤት ቆሻሻ ለማሳረፍ ሠራው። የፈጠራ መብቱን በ1935 አገኘ፤ በ1938 ኩባንያ አቋቋመ። ፈጠራው ግን በሁሉም ዘንድ እልል አልተባለለትም። ኒውዮርክ የፍሳሽ መስመሬን ይጎዳብኛል ብላ በብዙው የከተማዋ ክፍል ለረጅም ጊዜ ከልክላው ቆይታ የፈቀደችው በ1997 ነው። ከአገር ቤት ለጥየቃ የሚመጡ እናቶች እገዳውን እስካሁን አላነሡም። የተረፈ እንጀራ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ባዩ ቁጥር «ምነው፣ ውሻ እንኳ የለም እዚህ አገር?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ በመስኩ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም።

ስለ ሆድ ዕቃው ብዙ ስሕተት ይነገራል። ሕዝቡ በውስጡ ምላጭ አለ ብሎ ያምናል። የለም። ያለው የሚሽከረከር ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዙ ሁለት የብረት ጉጦች፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ካሮት መፋቂያ ጥርስ ያወጣ የማይንቀሳቀስ ቀለበት ነው። የተለመደው ሞተር ሳህኑን በደቂቃ 1,725 ጊዜ ያህል ሲያዞረው ምግቡ ወደ ዳር ይወረወርና ቀለበቱ ላይ እየተፈገፈገ ይደቃል። እንግዲህ ዘመዱ ቢላዋ ሳይሆን ወፍጮ ነው። ጉልበቱ በአብዛኛው ከሲሶ ፈረስ እስከ አንድ ፈረስ ይደርሳል። አከራይ ሲመርጥ ሲሶውን ይመርጣል።

ሕመሞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መደፈን ነው፤ ማሽኑ ይዞራል፣ ውኃው ግን አይወርድም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የቧንቧው ነው። እንጀራ በውኃ ሲደቅ ወደ ሊጥነቱ ይመለሳል፤ የቡና አተላ ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ይተኛል፤ ንጥር ቅቤ በሙቅ ውኃ ቀልጦ በሰላም ይሄድና መንገድ ላይ ይረጋል። መመሪያዎች ቀዝቃዛ ውኃ ክፈቱ የሚሉት ስቡ ከማሽኑ ሳይወጣ ረግቶ እንዲደቅ ነው።

ሁለተኛው መታነቅ ነው፤ ጠንካራ ነገር በሳህኑና በቀለበቱ መካከል ይሰነቀራል። የቢራ ቆርኪ፣ የአቮካዶ ፍሬ፣ የሲኒ ስባሪ፣ የበግ አጥንት፣ የቡና ማንኪያ። የጌሾ እንጨትና የሽንኩርት ልጣጭ ለሁለቱም ሕመሞች ያገለግላሉ። ለዶሮ ወጥ ኪሎ በኪሎ ሽንኩርት የሚላጥበት የፋሲካ ዋዜማ ስለዚህ ለተመራማሪ ምቹ ሌሊት ነው።

የማሽኑን ድምፅ መተርጎም የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። ሲበራ «እምምም» ካለ፦ አንድም ኤሌክትሪክ ደርሶኛል፣ ሞተሬም ደህና ነው፣ ሳህኔን ግን የያዘ አለ ሲል ነው። አንድም ቶሎ ካላጠፋችሁኝ እቃጠላለሁ ሲል ነው። ጭራሹን ዝም ካለ፦ አንድም ሞተሩ ግሎ መከላከያው ኃይሉን ቆርጦታል። አንድም ብሬከሩ ወርዷል። አንድም ከሥሩ የተደረደረው የጽዳት ዕቃ ገፍቶት ሶኬቱ ወልቋል። ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ በጣም ቀላል በመሆኑ ማንም አስቀድሞ አያየውም።

በሕክምናው ረገድ ሦስት ጎራዎች አሉ። የመጀመሪያው የደጋግሞ ማብራት ጎራ ነው፤ ተከታዮቹ በአብዛኛው አባወራዎች ናቸው፤ ሞተሩን ከማጋል በቀር የተመዘገበላቸው ውጤት የለም። ሁለተኛው የጉርሻ ጎራ ነው። ሰው አጥንት ሲያንቀው እንጀራ ጠቅልሎ ይውጣል፤ ለታነቀው ማሽንም ሌላ ነገር ይጎረስለታል። የአሜሪካ ቅርንጫፉ በረዶ ያጎርሳል፣ በረዶው ምላጩን ይስላል በሚል፤ ምላጭ አለመኖሩ እምነቱን አላናጋውም። ፍሳሽ መክፈቻ ኬሚካል የሚያፈስሱም እዚሁ ይመደባሉ፤ ኬሚካሉ ማንኪያ አያሟሟም። ሦስተኛው እጅጌ ሰብስቦ እጁን የሚሰድ ጎራ ነው። ኃይሉን ሳያቋርጡ የሚገቡትን በጣት መቁጠር ይቻላል፣ ጣቱ እስካለ ድረስ።

ትክክለኛው ሕክምና ለጥናት የማይመች አጭር ነው። ማብሪያው ይጠፋል፤ ሶኬቱ ይነቀላል ወይም ብሬከሩ ይወርዳል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ሆድ ሥር፣ መሃል ለመሃል፣ ሩብ ኢንች መፍቻ የሚቀበል ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። መፍቻው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየተመላለሰ ሳህኑ ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ይነቀነቃል። ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ሳህኑ ከላይ በመጥረጊያ እንጨት ይገፋል። ከዚያ በባትሪ እያዩ የታነቀውን በረጅም መቆንጠጫ ማውጣት፣ ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ማሳረፍ፣ ከሥሩ ያለችውን ቀይ ቁልፍ መጫን፣ ኃይሉን መመለስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከፍቶ ማብራት።

ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ቅዳሜው ሙሉ የሚሄደው በሌላ ምክንያት ነው። መፍቻዋ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር በካርቶን ውስጥ ትመጣለች፤ ካርቶኑን የጣለው ግን ከሦስት ተከራይ በፊት የነበረው ሰው ነው።

የተረፈውን ሰዓት ምርመራው ይወስደዋል። አንገቱ የተጣመመው የቡና ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አባት ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጡ፣ ማንኪያ የሚነኩበት ጉዳይ እንደሌላቸው ያስታውሳሉ። ልጅ በእንግሊዝኛ ይክዳል። ለጥየቃ የመጡት አክስት «እኔ ያንን የሚያጓራ ነገር ቀርቤውም አላውቅ፣ ማርያምን!» ብለው ይምላሉ። ሌሊቱን ዕቃ ስታጥብ ያመሸችው እናት ቡና ልታፈላ ትነሣለች።

በመጨረሻ ማንኪያው ታጥቦ በርበሬ ዕቃ ውስጥ ይሾማል። መሳቢያው ውስጥ ከስድስቱ አምስት ይቀራሉ። በሚቀጥለው እሑድ ሲቆጠሩ አራት ናቸው።