ዋችዶግን ከንቱ የማድረጊያ መንገዶች

ፕሮግራም የጻፉላትን ቺፕ ሰው በየቀኑ ከማይደርስበት ቦታ ሊሰቅሏት ነው እንበል። አንድ ሌሊት ስታክ አድርጋ በዚያው እንድትቀር ከፈለጉ፣ መጀመሪያ የሚያደናቅፍዎ ዋችዶግ ታይመር ነው። ወደ ዜሮ የሚቆጥር ቆጣሪ ነው። ፕሮግራሙ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ «አለሁ» ካለው ቆጠራውን እንደገና ይጀምራል፤ ዝም ካለው ዜሮ ይደርስና ፕሮሰሰሩን ሪሴት ያደርገዋል። ማጥፊያ የሚጫን ሰው በአጠገቡ ባይኖርም መሣሪያው ራሱን ያነሣል።

ስለዚህ አያብሩት፤ ጊዜ አጠረኝ ይበሉ። ክሌመንታይን የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በዚህ መንገድ ሄዳለች። በጃንዋሪ 1994 እ.ኤ.አ. ተወንጭፋ ለሁለት ወር ያህል የጨረቃን ካርታ ስታነሣ ቆየች፤ ቀጥሎ ጂኦግራፎስ ወደሚባለው አስትሮይድ ልታቀና ነበር። ፕሮሰሰሯ ዋችዶግ ነበረው፣ ሶፍትዌሩ ግን አልተጠቀመበትም። ሜይ 7 ቀን ኮምፒውተሯ ሲሳሳት ትራስተሮቿ ለ11 ደቂቃ ያህል ነደዱ፤ ነዳጇን ጨርሳ በደቂቃ 80 ዙር ገደማ ትሾር ጀመር። ጂኦግራፎስ ሳትደርስበት ቀረ። ስንት ሰው የደከመባት መንኮራኩር፣ በእጅ ያለ ነገር ሳይነካ በመቅረቱ እንዲህ መሆኗ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ማብራት ግድ ከሆነብዎ ደግሞ «አለሁ» የሚለውን መስመር በታይመር ኢንተራፕት ውስጥ ይጻፉት። ኢንተራፕት ዋናው ፕሮግራም የትም ይሁን የት ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ዋናው ዙር መልስ የማይሰጥ ሴንሰር ሲጠብቅ ስታክ አድርጎ፣ ሙቀቱን የሚለካ ጠፍቶ፣ ፓምፑን የሚያዝ ጠፍቶ ሳለ ኢንተራፕቱ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ «አለሁ» ይላል። የተኛ ዘበኛ ጋ ደወሉን በየሰዓቱ የሚደውልለት ማሽን እንደመግጠም ነው። ከስሕተቶች ሁሉ አብዝቼ የምፈራው ይህን ነው፤ ካልበራ ዋችዶግም ይብሳል። ያልበራውን ኮዱን የሚያነብ ሰው ያየዋል፤ ይህኛው ግን ጥበቃ ያለው ይመስላል፣ ሁሉም ተማምኖበት ይተኛል።

ተንኮልዎን የሚያፈርስ አሠራር ስላለ ከእሱም ይራቁ። እያንዳንዱ ተግባር፣ ሴንሰር አንባቢውም፣ መልእክት ላኪውም፣ ሥራውን ሲጨርስ የየራሱን ምልክት ያኖራል። አንድ ተቆጣጣሪ የሁሉም ምልክት መሟላቱን ካየ በኋላ ብቻ «አለሁ» ይላል፤ ከዚያ ምልክቶቹን አጥፍቶ እንደገና ይጠብቃል። አንዱ እንኳ ከቀረ ዝም ይላል፣ ሪሴቱም ይመጣል። ለዋችዶግ «አለሁ» ሊባል የሚገባው ሥራ ለመሠራቱ ማስረጃ ሲገኝ ነው፤ ፕሮሰሰሩ መንቀሳቀሱ ብቻ አይበቃም።

የጊዜውን ገደብም ሳይለኩ ይወስኑ። በብዙ የአርዱዊኖ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ኤቲሜጋ328 ከ16 ሚሊሰከንድ እስከ 8 ሰከንድ ያስመርጣል፤ የሚቆጥረውም ከዋናው ክሪስታል በተለየ በራሱ 128 ኪሎኸርዝ ኦሲሌተር ስለሆነ ክሪስታሉ ቢሞት እንኳ መቁጠሩን አይተውም። በዚህ ቺፕ ዋችዶግ ሪሴት ካደረገ በኋላ እንደበራ፣ እጅግ አጭር በሆነው ገደብ ይቀጥላል። መነሻ ኮድዎ ቶሎ ካላጠፋው ወይም ገደቡን ካላራዘመው፣ ፕሮግራሙ ሳይጀምር ይቆረጣል፤ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይቆረጣል።

ሪሴት ሲመጣ ምክንያቱን አይጠይቁ፤ «መብራት ተቆራርጦ ነው» ይበሉ። በእኛ አገር ይህን የማያምን የለም፤ ብዙ ጊዜ እውነትም ነውና። ይሁን እንጂ ቺፑ ራሱ መልሱን ይዞልዎታል። የቮልቴጅ መውረድና የዋችዶግ ሪሴት በየራሳቸው ቢት ይመዘገባሉ፤ ሲነሣ ያንን ሬጅስተር አንብቦ ማስቀመጥ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ምክንያቱን የጠየቁም አሉ። ፓዝፋይንደር የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ጁላይ 4 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ካረፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩ በራሱ ሪሴት ያደርግ ጀመር። ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው የአየር ሁኔታ ተግባር ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው የዳታ አከፋፋይ የሚፈልገውን ቁልፍ ይዞ ሳለ፣ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ተግባራት ቀድመውት ይሮጡ ነበር። አከፋፋዩ በሰዓቱ አለመጨረሱን ያየው ጥበቃ ሪሴት አዘዘ። የናሳ ላቦራቶሪ የሆነው የጄፒኤል መሐንዲሶች ሪሴቱን እንደ መልእክት ቆጠሩት። ችግሩን ምድር ላይ ባለው አምሳያ እንዲደገም አደረጉ፤ ቁልፉን የያዘው ተግባር ቁልፉን የሚጠብቀውን ተግባር ቅድሚያ እንዲወርስ የሚያደርገው ምርጫ አለመብራቱን አገኙና ከምድር ሆነው አበሩት። ዋችዶግ ሥራውን ከሠራባቸው ታሪኮች የዚህን ያህል ደስ የሚለኝ የለም፤ መሣሪያውን አዳነ፣ ሰዎቹም ያዳነበትን ምክንያት ፈልገው አገኙ።

በመጨረሻ ምንም ሳይሞክሩ ይስቀሏት። በእያንዳንዱ ተግባር ውስጥ ሆን ብለው የማያልቅ ዙር አስገብተው ሪሴቱ መምጣቱን አይዩ። በሪሴት ቅጽበት የቺፑ ፒኖች ወደ ግብዓትነት ስለሚመለሱ ማሞቂያ የሚያበራ ሞስፌት ቢኖርዎ ጌቱ ያለ አዛዥ ይንሳፈፋል። ከጌቱ ወደ ግራውንድ የሚወርድ አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማሞቂያው እንዲጠፋ ያደርገዋል። እሱንም አይበይዱት።