ሞተር በቃኝ አይልም

እኛ መንዞች አንድ ክፉ ጠባይ አለን፤ የጎደለ ዋንጫ ማየት አንወድም። እንግዳው ጠላውን ገና ፉት ከማለቱ «በሞቴ» ብለን እንሞላበታለን። እምቢ ካለ «አፈር ስሆን» እንላለን፣ እሱም አልበቃ ሲል እንቆጣለን። ሰው ብልህ ነውና ሲበቃው ዋንጫውን በመዳፉ ይከድናል። ሞተር መዳፍ የለውም። ዛሬ ግን መኪና የያዘው ሁሉ ሞተሩን እንደ እንግዳ ካላስተናገድኩ ይላል።

የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ ቪትዙን ይዞ ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ መጣ። መምጣቱስ ደግ። ከጣርማ በር ታጥፎ፣ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ፣ ያቺን ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና እዚህ ማድረሱም ያስመሰግነዋል። እኔ በጉልበቴ ዘመን በኤንትሬ ፊያት ነበር የጣርማ በርን ዳገት የምወጣው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ በኩል፣ ጉሙ መስታወቱን እየላሰ፣ ፍሬኑን እየለመንኩ። ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ? ያረጀ ሹፌር ነኝ። የሚያውቀው ስልክ የያዘው ነው።

ቅዳሜ ሹር ጧት፣ እኔ በጉን አስሬ ቢላዋ ስስል፣ ልጁ ከመኪናዋ ሥር ተኝቷል። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ዘይት ልቀይር ነው። ጋራዥ በከንቱ ብር ይወስዳል። በስልክ አይቼዋለሁ፣ ቀላል ነው።» አለኝ። መሐል ሜዳ መጥቶ ሜዳ አጥቶ ከአጥሬ ጎን ያለችው ተዳፋት ላይ ነው ያቆማት! ይኼ አገር የሚታወቀው በሜዳነቱ አይደለም እንዴ? መኪናዋ አጋድላ ስለቆመች አሮጌው ዘይት ሙልጭ ብሎ አልወረደም፣ ጥግ ይዞ ቀረ። ፊልትሮውንም አልቀየረው፤ በውስጡ የያዘውን ይዞ ተቀመጠ። የገዛው ደግሞ ባለ 4 ሊትሩን ጋሎን ነው። የቪትዝ ሞተር ከ4 ሊትር በታች ነው የሚይዘው። ልጁ ግን ጋሎኑን ገልብጦ እስከ ጠብታዋ አንጠፈጠፈው። «ለምን?» ብለው «ጋሼ፣ የቀረችው ምን ትሠራለች ብዬ ነው» አለ።

እንግዲህ ይኸው ነው። የዘይቱን ልክ የወሰነው ሞተሩ ሳይሆን ጋሎኑ ነው።

ከዚያ አስነሥቶ እስከ ገበያው ደርሶ ተመለሰ። ሲመለስ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ይዛ መጣች። እዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ እዚህ ሞተር እንዲያውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጁ ጭሱን በብርድ አሳበበ። ብርድ ነጭ እንጂ ሰማያዊ አያጨስም!

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ላልሰማ ልንገር። ዘይቱ የሚተኛው ከሞተሩ ሥር ካለው ኮፓ ውስጥ ነው። ከበላዩ ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። ዘይቱ በልኩ ከሆነ ክራንኩ አይነካውም። ከልኩ ካለፈ ግን እየመታ አረፋ ያደርገዋል። ፓምፑ ዘይት ስቦ ማዳረስ ሲገባው አየር የገባበት አረፋ ይስባል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አያስጥልም። ስለዚህ ኮፓው ሞልቶ እያለ ሞተሩ በዘይት ጥም ይሞታል። የተረፈው በመተንፈሻው በኩል ወደ ማቃጠያው ገብቶ ይጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ዘይት የሚያግዱትን ጎማዎች እየገፋ ያንጠባጥባል። በናፍጣ ሞተርማ ሌላ ጉድ አለ፤ ዘይቱን ራሱን እንደ ነዳጅ እየበላ፣ ቁልፉን ብታዞር አልጠፋ ብሎ እያጓራ ሊቀር ይችላል።

ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ሰፈሩ ተሰብስቦ ኖሯል። በግ ያልገዛ እንኳ መካሪ ሆኖ መጣ። አንዱ «ንዳው፣ እየነደደ ያልቅልሃል» አለው። ሁለተኛው «ወደ ጓሳ ዳገት አውጣው፣ ወደ ኋላ ይሸሽልሃል» አለ። ከመርሐቤቴ የመጣው አማቻችን ደግሞ «የእኛን የጀማ ቁልቁለት ወርዶ ቢወጣ እኮ እሷው ትጠጣው ነበር» ብሎ ተመጻደቀ። ጀማ መኪና ጨርሶ ይጠጣ እንደሆነ እንጂ ዘይት እየመረጠ አይጠጣም። ዝም አልኳቸው። ለካስ ዝም ሲሉም ሞኝ ነው የሚባለው።

መጀመሪያ ያስደረግሁት ሜዳ ላይ መግፋት ነው። መግፋት! ማስነሣት አይደለም። ቀጥሎ ጠብቁ አልኩ። ሞተር ከጠፋ በኋላ ወደ ላይ የተረጨው ዘይት ወርዶ ኮፓው ላይ እስኪረጋ 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ልጁ በዚያች 10 ደቂቃ ውስጥ መለኪያውን ስንቴ መዘዘው! አባቶቻችን የጓሳን ሣር እስከ 5 ዓመት ድረስ ዘግተው ያስጠብቁ ነበር። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚፈተልበት ሣር እያማራቸው፣ ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ አያነሡም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ እንዲያ ኖሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዘይት እስኪረጋ መታገሥ አቃታቸው።

መለኪያው ሁለት ጭረት አለው፣ ላይና ታች። ታችኛው «አትጉደልብኝ» ነው፣ ላይኛው «አትለፈኝ»። መዘህ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው ትከተዋለህ፣ ሁለተኛ ስትመዘው ያየኸው ነው እውነቱ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች በሁለቱ ጭረት መካከል ያለው 1 ሊትር ግድም ነው። ከላይኛው ጭረት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ እኔም አልቆጣ፤ ለዚያ ብሎ ሰው ቅዳሜ ሹርን አያጠፋም። የእሱ ግን ጭረቱን አልፎ ዘንጉ ላይ የጣት ያህል ወጥቷል።

ልጁ ወዲያው 14 ቁልፍ አንሥቶ ወደ ሥር ሊገባ ሆነ። የኮፓውን ብሎን ፈታ አድርጎ ትንሽ ሊያፈስ ነው። ይቻላል፣ አይቻልም አላልኩም። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ትኩስ ዘይት እጅ ይልጣል፤ የተላጠ እጅ ብሎን ይጥላል፤ ብሎኑ ከወደቀ ትንሽ የተባለው ሁሉም ይሆናል። ሮንዴላውም ባረጀ ቁጥር መልሰህ ስታጠብቀው ማንጠባጠቡን አይተውም።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪማችን ዘንድ ልጅ ላክሁ። ለበግ መድኃኒት የሚያጠጣበትን ትልቁን ስሪንጅ፣ 60 ሚሊ ሊትር የሚስበውን፣ አዲስ ከሆነ የግሉኮስ ቱቦ ጋር አስመጣሁ። የመለኪያውን ዘንግ መዝዘን ቱቦውን በዚያው ቀዳዳ ሰደድነው፤ ጫፉ ኮፓውን ሲነካ እጅ ላይ ይታወቃል። ከዚያ መሳብ ነው። ዘይቱ ገና ለብ ስላለ እሺ ብሎ ይመጣል፤ በመንዝ ውርጭ ቢሆን በዚያ ቀጭን ቱቦ ንቅንቅ አይልም ነበር። መጀመሪያ አየር ያንኮራኩራል፣ ቀጥሎ እንደ ማር ያለ ነገር ቱቦውን እየሞላ ይወጣል፣ ስሪንጁ ሲከብድ ጠርሙስ ውስጥ ትገፋዋለህ። አንድ ሊትር ለማውጣት 17 ጊዜ መሳብ ነው። ልጁ አምስተኛው ላይ «ጋሼ፣ አሁን ይበቃል» አለ። ሲሞላ ያልበቃው ሲቀንስ በቃው!

ሳብ፣ ለካ፣ ጠብቅ፣ እንደገና ለካ። ላይኛው ጭረት ላይ ሳይሆን ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲቆም አስቆምሁት። ካስነሣናትም በኋላ በመተንፈሻው የቀረው እስኪነድ ትንሽ አጨሰች፣ ከዚያ ተወች። ሰፈሩም ጭሱ ሲያልቅ አልቆ ሄደ።

አሁን የዘይቱ ነገር መጣ። የወጣው አሮጌው ትንሽ ቢቀላቀልበትም ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል፣ ገና ብዙ ሥራ አልሠራም፣ ይቀመጣል። አሮጌውን ግን ልጁ ቦይ ውስጥ ሊደፋው ነበር። ቦዩ ወርዶ ወርዶ በጎቼ የሚጠጡት ምንጭ ላይ ነው የሚያርፈው! በጄሪካን አስቋጠርኩት፤ አናጢው ለአጥር እንጨት ይፈልገዋል። ንጹሑ በሃይላንድ ተሞልቶ ማጀት ገባ። እዚህ ላይ ባለቤቴ ከእኔ በላይ ጮኸች። እውነቷን ነው፣ ቀለሙ የምግብ ዘይት ይመስላል፤ ነገ የዶሮው ሽንኩርት ቢቁላላበት ማን ይጠየቃል? «የመኪና» ብለን በቀይ ጽፈን ቆጥ ላይ ሰቀልነው።

ልጁ ሲሰናበተኝ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቄው ነበር። አንተ ሳትጨምርበት ዘይቱ በራሱ ከጨመረ፣ ያኔ በስሪንጅ አትጫወት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው፤ ወተት ከመሰለ ውሃ። ሁለቱም የጋራዥ ነው፣ የስልክ አይደለም።

በዳግማ ትንሣኤ ማግስት ደወለ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ዘይቱ በጣም ጎድሏል፣ ከታችኛው ጭረት በታች ነው። ግማሽ ሊትር ልጨምርበት?»

«ሜዳ ላይ ነች?» አልኩት።

«አዎ፣ አሁንስ ሜዳ ላይ ነች።»

ከጀርባው የሆነ ነገር ያጉረመርማል። «ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ሞተሩ ነው ጋሼ። አስነሥቼ ነው የለካሁት፣ እንዲሞቅ ብዬ።»

እየሠራ ያለ ሞተር ዘይቱን ሽቅብ ወስዶ በየቦታው ረጭቶታል፤ ኮፓው ምን ይኖረዋል? እንዲያ ብዬ ጮኬ አስረዳሁት፤ አጥፋና ቁጭ በል አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ማጀት ገብቼ ቆጡን አየሁ። ያቺን ሃይላንድ ረስቷት መሄዱ በጀን።