ሥራ በዝቶባቸው ነው

የአንድ ትንሽ ኦፔራ ቡድን ዳይሬክተር ምን ይሠራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገሩ አልገባውም። መጠየቅ ያለበት ምን አይሠሩም ብሎ ነው። ለንደን ውስጥ ከመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ኦፔራ የሚያሳዩ ዳይሬክተር ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስልካቸውን ይገልጣሉ። ቴነሩ ጉሮሮው ተዘግቷል። ሶፕራኖዋ ልምምዱ ከሌላ ሥራዋ ጋር ተጋጭቶባታል፤ ሌላው ሥራ ይከፍላል ማለቷ ነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ማክሰኞ ማታ ክፍሏን ለልደት አከራይቷታል። ፒያኖው ቅኝቱ ወርዷል። ዳይሬክተሩ ለሁሉም መልስ ይሰጣሉ፣ ቫን ይነዳሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ፖስተር ይለጥፋሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ በእረፍት ሰዓት ወይን ይቀዳሉ። መሀል ላይ ጊዜ ቢተርፋቸው የፑቺኒን ኖታ ገለጥ አድርገው ይህች ሴት እዚህ ቦታ ላይ ለምን ታለቅሳለች ብለው ያስቡ ነበር። አይተርፋቸውም። ባይተርፋቸውም ይሻላል፤ ዳይሬክተር ስለ ኦፔራ ማሰብ ከጀመረ ወንበሩን ማን ይደረድራል?

እኛ ተመልካቾች ደግሞ ምስጋና አንሰስትም። «ፍቅር እኮ ነው!» እንላለን፣ ወይኑን ከእጃቸው እየተቀበልን። እውነት ነው፣ ፍቅር ነው። ፍቅር ደመወዝ አይጠይቅም፣ ጡረታ አያውቅም፣ ሲታመም ፈቃድ አይሞላም። የቧንቧ ሠራተኛ ግን አሳዛኝ ፍጡር ነው፤ ቧንቧን ስለማይወድ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስለን። ኦፔራ ትኬት ለገዛ ሁሉ በሩን የከፈተው በ1637 ቬኒስ ውስጥ፣ በሳን ካሲያኖ ቴአትር ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ልቁጠረው። ከዚያ ወዲህ ኪሳራውን የሚሸከም ትከሻ ሲፈለግ ኖሯል። ሃንደልን የሚያህል ሰው ለንደን ላይ ኦፔራውን እየደረሰ የኩባንያውንም ጣጣ ይሸከም ነበር። በ1728 ኩባንያው ፈረሰ። እንደገና አቋቋመ። በ1733 መኳንንቱ ተፎካካሪ ቡድን አነሡበት፤ በ1737 ሰውነቱ ከዳው፣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ በዚያው ዓመት የተፎካካሪዎቹም ቡድን ተዘጋ። ሃንደል ድኖ ተነሣና ጥቂት ከታገለ በኋላ መድረክና አልባሳት ወደማይጠይቀው ኦራቶሪዮ ዞረ። አእምሮ የነበረው ሰው ነው ማለት ነው፤ የዛሬዎቹ ዳይሬክተሮች እንደዚህ ዓይነት ድክመት የለባቸውም። ሞዛርትም በ1786 ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ላሰናዱት ድግስ በኦፔራ አዘጋጅ ኑሮ የሚቀልድ አጭር ሥራ ደርሷል። እዚያ ውስጥ ሁለት ሶፕራኖዎች ማን ይበልጥ ይከፈላት ብለው ይናጫሉ። ታድለው! የሚናጩበት ገንዘብ ነበራቸው።

በትንንሾቹ ቡድኖች ዘንድ ከሚወደዱት ኦፔራዎች አንዱ «ላ ቦኤም» ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደራሲው ፑቺኒ በ1924 ስለሞተ የደራሲነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ ሙት ደግሞ ደረሰኝ አይልክም። ታሪኩም ለማዘጋጀት ርካሽ ነው። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው አርቲስቶች ብርድ ሲፈጃቸው ገጣሚው የጻፈውን ቴአትር ምድጃ ውስጥ ይማግደዋል፤ አከራዩ ኪራዩን ሊጠይቅ ሲመጣ በወይን አዘናግተው ያባርሩታል። ይህን የሚዘፍኑት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው አርቲስቶች ናቸው፤ አልባሳት እንኳ መግዛት አያስፈልግም፣ ከቤት የመጡበት ይበቃል። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ የካፌው ሂሳብ ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ ይተዋል፤ ሽማግሌው ጫማ ገዝቶ ሲመለስ ያልበላውን ክፈል ይባላል። ዳይሬክተሩ ይህን ትዕይንት ሲያዘጋጁ ለዘፋኙ ብዙ ማስረዳት አይኖርባቸውም። ፊታቸውን ማሳየት በቂ ነው።

ደግሞም ይቻላል! ለንደን፣ ኪልበርን ውስጥ ኮክ ታቨርን ከተባለ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ኦፔራ አፕ ክሎዝ የተባለ ቡድን በፒያኖ ብቻ ያሳየው «ላ ቦኤም» በ2011 የኦሊቪየርን የቴአትር ሽልማት በምርጥ አዲስ የኦፔራ ዝግጅት ወሰደ። ሥራው የሚገባውን አግኝቷል። ገንዘብ ያዦቹ ግን የተማሩትን ተማሩ፦ ያለ ኦርኬስትራ፣ ያለ መዘምራን፣ ያለ አዳራሽ ሽልማት ከተገኘ፣ ኦርኬስትራ ምን ያደርጋል? በሚቀጥለው ዓመት ፒያኖውንስ ብንቀንሰው?

ከሁሉ የሚያስቀናኝ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው ቅጽ ነው። ዳይሬክተሩ ሌሊት ሌሊት ይሞሉታል። ዝግጅቱ የማኅበረሰቡን ጤንነት በምን ያሻሽላል ተብለዋል። የ«ላ ቦኤም»ዋ ሚሚ በሳንባ ነቀርሳ ትሞታለች፤ ዳይሬክተሩ «ስለ መተንፈሻ አካላት ግንዛቤ ያስጨብጣል» ብለው ጻፉ። አካባቢን በምን ይጠብቃል? ምድጃው ውስጥ የሚነደው የእውነት እሳት አይደለም። አዲስ ነገሩ ምንድን ነው? የ1896 ኦፔራ ነው፤ እሱን በዘዴ አለፉት። የዳይሬክተሩን ደመወዝ ያስገቡበት መስመር ግን «የአስተዳደር ወጪ ይቀነስ» የሚል ማስታወሻ ይዞ ተመለሰ። ለጋሽ ሁሉ ገንዘቡ መድረክ ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ ዳይሬክተር ደግሞ መድረክ ላይ አይታይም። ስለዚህ ደመወዙ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቅጹ ያምራል። ቅጹን ለመሙላት የጠፋው ጊዜ በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚጠይቅ ሥነ ሥርዓት የሌለው ሰው ብቻ ነው። የአገራችን የቴአትር ሰዎች ይህን ሲያነቡ ሳቅ ሳቅ ካላቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ለንደን ነው የማወራው።

ቦሞል እና ቦወን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን አፍርጠውታል። ፋብሪካ በማሽን ብዛት በአነስተኛ ሰው ብዙ ያመርታል፤ የአራት ሰው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፣ የሚፈጀውም ሰዓት ያው ነው። የሌላው ሠራተኛ ደመወዝ ሲያድግ የሙዚቀኛው ወጪም አብሮ ይወጣል፣ ትኬቱ ግን አይከተለውም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያልታያቸው አንድ ማሽን ነበር፦ ዳይሬክተሩ። አንዱን ሰው እንደ አምስት ሰው ካሠሩት ሂሳቡ ይገጥማል።

መንግሥትም ይህን ጥበብ ለትልልቆቹ እያስተማረ ነው። በ2022 የእንግሊዝ አርትስ ካውንስል የእንግሊዝ ብሔራዊ ኦፔራን ከቋሚ ተረጂዎቹ ዝርዝር አውጥቶ ከለንደን ውጭ ቤት ፈልግ አለው። በ2023 ኦርኬስትራውና መዘምራኑ ሊቀነሱ ሲሉ የሙዚቃ ዳይሬክተሩ ማርቲን ብራቢንስ ሥራቸውን ለቀቁ። የትልቅ ቤት ቅንጦት ይህ ነው። የትንሽ ቡድን ዳይሬክተር ልልቀቅ ቢሉ የመልቀቂያውን ደብዳቤ ተቀብለው ፋይል የሚያደርጉት ራሳቸው ናቸው፤ ያም ቢሆን ከሐሙስ በፊት አይደርሳቸውም።

የትርኢቱ ምሽት ደግሞ ይምጣ። ኦፔራው በጣልያንኛ ነው፣ ትርጉሙ ግድግዳው ላይ ይነበባል፤ ከ1983 ጀምሮ፣ ቶሮንቶ ላይ ከተሞከረ ወዲህ፣ ተመልካች ይህን ለምዷል። ላፕቶፑን የያዙት ዳይሬክተሩ ናቸው። በግራ እጃቸው መብራቱን ያዛሉ፣ በቀኝ እጃቸው ጽሑፉን ይገልጣሉ፣ በእግራቸው በሩን ይዘዋል፤ ከታች ያለው የእግር ኳስ ጩኸት እንዳይገባ። ፒያኖ ተጫዋቹ አንድ ገጽ ዘለለ። ዳይሬክተሩ ሊደርሱበት ቁልፉን ደጋግመው ተጫኑ። ሚሚ አልጋዋ ላይ ሆና የመጨረሻ ትንፋሿን ስትስብ ግድግዳው ላይ በትልቁ «ኮምፒውተርዎ ይታደስ? አሁን ወይስ በኋላ?» የሚል ወጣ። ተመልካቹ ከአንጀቱ አለቀሰ። አንድ እንግዳ ሲወጡ ዝግጅቱ ዘመናዊ ነው ብለው አደነቁ።

ደጋፊዎችም ሐሳብ አያጡም። አንዱ «አይዳ»ን ለምን አትሠሩም ይላል፤ የኢትዮጵያ ልዕልት ያለችበት ነው፣ አሁን ደግሞ ብዝኃነት ይፈለጋል። ደራሲው ቨርዲ አገራችንን ቀርቶ በ1871 «አይዳ» የተመረቀባትን ካይሮንም አልረገጣትም፤ ቢሆንም ልዕልት ሰጥቶናል፣ ውለታ ነው። ያኔ ምረቃው የዘገየው የመድረኩ ዕቃ በጦርነት በተከበበችው ፓሪስ ስለቀረ ነው። የእኛ ዳይሬክተር ዕቃ የሚቀረው ያለ ፈቃድ በቆመ ቫን ውስጥ ነው፤ ቅጣቱንም ከኪሳቸው ይከፍላሉ። የድል ሰልፉን፣ መለከቶቹንና ምርኮኞቹን በመጠጥ ቤቱ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚያሳልፉት ደጋፊው አልነገራቸውም። ዝርዝር ነው።

ለዳይሬክተሩም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላዝንላቸውም። የሥራ ብዛት እንደ ኒሻን ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ራሳቸው ናቸው። እንዴት ሰነበቱ ሲባሉ «ኧረ ተወኝ፣ እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ» ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ያበራል። ለራሳቸው ያልከፈሉ ሰው ለሌላ መክፈል እንደ ነውር ይታያቸዋል፤ ዘፋኞቹን «ከትርፉ ትካፈላላችሁ» ይሏቸዋል። ሐሰት አልተናገሩም። ትርፍ ሲኖር ይካፈላሉ። ለስድስት ዓመት ድምፅ የተማረች ልጅ በመጨረሻው ምሽት የአውቶቡስ ዋጋ የሚያህል ሳንቲም በፖስታ ትቀበልና «ልምድ አገኘሽ» ትባላለች። ልጅቷ አንድ ቀን የራሷን ቡድን ታቋቁማለች፤ የተማረችውንም ትሠራበታለች።

ደግነቱ ቦርዳችን ነቅቷል። በመጨረሻው ስብሰባ ሰብሳቢው ዳይሬክተሩ መጎዳታቸውን አንሥተው፣ ሸክማቸውን የሚያቀል ረዳት እንዲቀጠር በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ረዳቱ ደመወዝ የለውም፤ ፍቅር ያለው ሰው ይፈለጋል። ማስታወቂያውን የሚጽፉት፣ አመልካቾቹን የሚያነጋግሩት፣ የተመረጠውንም ሥራ የሚያስተምሩት ዳይሬክተሩ እንዲሆኑ ተስማምተናል። ማስታወቂያው እስከ ዓርብ መውጣት አለበት።