የአራስ ቤት ሥርዓተ መንግሥት፦ ከአንድ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የተገኘ ማስረጃ

ስለ አገራችን የሥልጣን ሽግግር የተጻፈው ሁሉ ስለ ቤተ መንግሥትና ስለ ጦር ሰፈር ነው፤ አራስ ቤትን ዞር ብሎ ያየ የለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ሐረር ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ብራዚል ነበሩ። የዚህ ጥናት ዋና ባለጉዳይ፣ የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ፣ ከሥልጣኑ የወረደበት ሌሊት አክስቱ ቤት ካርቱን እያየ ድንች ጥብስ ይበላ ነበር። «እማዬ ሐኪም ቤት ደርሳ ትመጣለች» ከመባሉ በቀር የተነገረው ነገር አልነበረም። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ከቤቱ መራቅ እንደሌለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ጥናት ይፈልግ።

መረጃው የተሰበሰበው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አጥኚው በቤቱ ውስጥ የማደር፣ ሌሊት የመነሣትና ጠዋት ከማንም በፊት ዳቦ ለመግዛት የመላክ ሰፊ ዕድል አግኝቷል። ከአባትየው ጋር ያለው ቅርበት ውጤቱን እንዳያዛባ አባትየውን በተቻለ መጠን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ በዚህ ረገድ የቤቱ ሰዎች ሙሉ ትብብር አድርገዋል።

ንግሥቲቱ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆና ተወለደች፣ ቤት ስትገባም በሦስት እልልታ ታወጀች። ወንድ ብትሆን ሰባት ይባልላት ነበር። አራቱ እልልታ በምን ስሌት እንደተቀነሱ የተጠየቁት እናቶች ሁሉ «ድሮም እንዲሁ ነው» የሚል ወጥ መልስ ሰጥተዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፣ ማለትም ከጡት እስከ እናት ፊት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግዛት፣ ሳሎኑም ጎረቤቱም አባቷም፣ ለእሷ ጭጋግ ነው። ይህ አገዛዟን ቅንጣት አላሳነሰውም። በቀን 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች፤ የቀሩትን ስምንት ሰዓታት ቀን ላይ ማባከን ስላልፈለገች አብዛኛውን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ታውላቸዋለች።

ንግሥት ለአካለ መጠን እስክትደርስ እንደራሴ ያስፈልጋል። አያትየዋ ቅቤ በጣሳ፣ የገብስ ዱቄት በከረጢት፣ አብሽና ማር በፌስታል አስይዘው ከደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ደረሱ። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው የቆዩት ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ነው፤ አያትየዋ የተሰጣቸው ክርስትና እስኪነሣ 80 ቀን ብቻ ነበር። ጊዜው አጭር መሆኑን ስለተረዱ ዐዋጆቹን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አወጡ። አራስ ብርድ አይምታት፣ መስኮት አይከፈት። ከመንገድ የመጣ ሰው ትንፋሹ ሳይረጋ መኝታ ክፍል አይለፍ። አራስ ውሃ አትንካ፣ ስልክም አታብዛ። የመጨረሻዋ ከየትኛው ዘመን የመጣች እንደሆነች አልተጣራም።

ለዓይን ጥላም ከሕፃኗ ትራስ ሥር ቢላዋ ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ደህና የሚቆርጥ ቢላዋ አንድ ብቻ በመሆኑ ሽንኩርት መክተፍ የፈለገ ሰው በእግሩ ጣት መኝታ ክፍል ገብቶ፣ ትራሱን በአንድ እጁ ቀና አድርጎ፣ ንግሥቲቱን ሳይቀሰቅስ መሣሪያውን ማውጣት ነበረበት። ከትፎ ሲያበቃ አጥቦ ይመልሳል። በዚያ ወራት ቤቱ ውስጥ የተሠራው ወጥ በብዛት አልጫ የሆነበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እንደራሴዋን የተገዳደረ አንድ ኃይል ብቻ ነበር፤ እሱም ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን፣ እንደማይሰጠው አስረዳች።

«ቅቤስ? ለአንጀቷ ማለስለሻ ያህል?»

«ቅቤም አይሰጥም፣ እናቴ።»

«አንቺ ስንት ወልደሻል፣ ልጄ?»

«ገና ነኝ፣ እናቴ።»

አያትየዋ ከዚህ በኋላ ምንም አልተናገሩም፤ ሆኖም ዝምታቸው ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ተሰምቷል። ስምምነት የተደረሰው ቅቤው ከአፍ ወደ አናት እንዲዛወር ነው። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት ግን አያትየዋ ቀኑን በጣታቸው እየቆጠሩ ከካርዱ ቀድመው ያስታውሱ ነበር። ነርሷን ያላመኑት በቅቤ ጉዳይ ብቻ ነው።

አራስ ጠያቂ ስለሚባለው ተቋም ብዙ ማለት ይቻላል፤ እዚህ የሚበቃን ጥቂት ነው። ጠያቂ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትገባለች፣ የያዘችውን በሶ ወይም ዳይፐር ታስቀምጣለች፣ ገንፎ ይቀርብላታል፣ «አይ፣ በልቼ ነው የወጣሁት» ብላ ትበላለች። ከዚያ ሕፃኗ ትገለጥና የወሰን ክርክሩ ይከፈታል። የእናት ወገን ግንባሩን፣ የአባት ወገን አፍንጫውን ይወስዳል። አገጩ አከራካሪ ነው። ጆሮዎቹን እስካሁን የኔ ናቸው ያለ ወገን የለም። ከጠያቂ ሁሉ የከፋችው «አንቺን ስትወለጂ ነው የምትመስለው» የምትለው ናት፣ ምክንያቱም እናትየዋ ስትወለድ አላየቻትም።

አባትየውን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ተከታታይ የምትለው ቃል በሕግ አውጪው ዘንድ ምን ያህል እንደታሰበባት አይታወቅም፤ ልጅቷ ዓርብ ሌሊት ስለተወለደች ፈቃዱ ቅዳሜን፣ እሑድንና ሰኞን ይዞ አለቀ። ሦስቱም ቀን በፋርማሲና በሥጋ ቤት መካከል ውለዋል። ስለ አባትየው የተገኘው መረጃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ተሻረው እንመለስ። ከአክስቱ ቤት ሲመለስ እናቱ አልጋ ላይ፣ እሱ በሚተኛበት በግድግዳው በኩል፣ የተጠቀለለ ነገር አገኘ። «እህትህ ናት፣ ላንተ ነው ያመጣንልህ» ተባለ። ልጁ ይህን በቅን ልቦና ተቀብሎ ንብረቱን ሊመረምር እጁን ሲዘረጋ ሦስት ሰዎች በአንድ ድምፅ «ተው!» አሉት። ባለቤትነቱ በታወቀለት በዚያው ደቂቃ የመንካት መብቱ ታገደ። የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚያውቅ አንባቢ ቢያብራራው ደስ ይለናል።

ቀጥሎ የማዕረግ ዕድገት መጣ። «አንተ እኮ አሁን ትልቅ ሰው ነህ» ተባለ። የትልቅ ሰውነት ዝርዝር ተግባር ሲታይ ጭን ላይ አለመቀመጥ፣ አለመጮህ፣ ዳይፐር አቀብል ሲባል ማቀበል፣ ያገለገለውንም ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ማድረስ ነው። ጥቅማ ጥቅሙ አልተገለጸም። ልጁ ጉዳዩን ለጥቂት ቀናት ካጠና በኋላ ማዕረጉን በገዛ ፈቃዱ መለሰ፦ ማታ ማታ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ፣ በብርጭቆ መጠጣት ተወ፣ ጡጦውን ካልሰጣችሁኝ አለ። «ምን ነካው?» እያሉ የሚገረሙት እነዚያው «እሷ እኮ ሕፃን ናት፣ ለዚህ ነው የምናቅፋት» ብለው የቅጥር መስፈርቱን ያስረዱት ሰዎች ናቸው።

ግልጽ ዐመፅ የተነሣው በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሎኑ በጠያቂ ሞልቶ ነበር። ገንፎው በትልቁ ሳህን ቀርቧል፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ተሞልቶበታል፣ አያትየዋ ማንኪያ እያደሉ ነው። ልጁ ከሶፋው ኋላ ብቅ ብሎ ቀይዋን መኪናውን በገንፎው ዳገት ላይ ቀስ አድርጎ ነዳትና ቅቤው መሐል አቆማት። ጎማዎቿ እስኪሰጥሙ ጠበቀ። ምን እያደረገ እንደሆነ ሲጠየቅ «ዘይት እየቀየርኩላት ነው» ብሎ መለሰ።

አባትየው በዚህ ጊዜ «እሱም እኮ ልጅ ነው» የሚል ቃል አሰማ። ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ለተሻረው ልጃቸው ተዋግተው ተማርከዋል። የአባትየው ዘመቻ ከዚያ ያጥራል፤ አያትየዋ ዞር ብለው አዩትና መኪናዋን ለማጠብ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

የልጁ ውስጣዊ አቋም እንዴት እንደተለወጠ ለመለካት አስተማማኝ መሣሪያ የሰጠችን አንደኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ናት። ሴትዮዋ በመጣች ቁጥር በአገሩ ወግ «ይቺን ልጅ ለእኔ አትሰጠኝም? ልውሰዳት?» ትለዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ «ውሰጃት» ከማለት አልፎ ብርድ ልብሷን አምጥቶ በሩን ከፈተላት። ዋጋ አልጠየቀም። መኪናዋ ታጥባ በተመለሰች ማግስት አንድ ማስቲካ ጠየቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብስኩት በካርቶን ሆነ። ሕፃኗ ሁለት ወር ሊሞላት ሲል፣ የእሱን ድምፅ ስትሰማ አንገቷን ማዞርና ድድ ብቻ በሆነ አፏ መሳቅ ጀመረች፤ በዚያው ሳምንት ዋጋዋ ሳይክል ገባ፣ ያውም ቀዩ፣ ደወል ያለው። ብሔራዊ ባንክ እንዲህ ያለ ንረት ቢገጥመው መግለጫ ያወጣ ነበር። ጎረቤቲቱ ሳይክል የለኝም ስትል ልጁ ሊደራደር እንኳ አልፈለገም፤ የእህቱን እግር በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ካርቱኑን ቀጠለ።

በ80ኛው ቀን ክርስትና ተነሣ። አያትየዋ በማግስቱ ሻንጣቸውን አሠሩ፣ ቢላዋው ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ጎረቤቲቱ ለቡና ወጥታ እንደ ልማዷ «እሺ፣ አሁንስ ልውሰዳት?» አለችው። ልጁ እህቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ከዚያም በሩ አጠገብ የአያቱን ሻንጣ ተሸክሞ የቆመውን ሰው አየ።

«አባዬን ውሰጂው» አላት።

ዋጋ አልጠየቀም።