በራም እንደ ድሮው አልሆነ

ወገኖቼ፣ ይህ ዘመን ያላበላሸው ምን አለ? እንጀራው ሳሳ፣ ጠላው ቀጠነ፣ አሁን ደግሞ በራውም ክብሩን አጣ። በእኛ ጊዜ በራ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ይላክ ነበር፤ እድር ላይ ከፊት ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሚስት ያላገባ ጎረምሳ ግንባሩ በጣት ስፋት ሸሸ ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

ደግሞ ሐኪም ሳይጠይቅ ቲክቶክ ይጠይቃል። በቴሌግራም ያዘዘው ዘይት በሚኒባስ ይመጣለታል፤ ጠርሙሱ ላይ ጸጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት አለች፣ የተሠራበት ቀን ግን የለም። አልበቅል ሲለው ነጭ ሽንኩርት ይፈትግበትና ቆዳውን ያቆስላል። ገንዘብ የተረፈው ኢስታንቡል ይበርራል፤ ከማጅራቱ ነቅለው አናቱ ላይ ይተክሉለታል። እንዲያው ለተከላ ቱርክ ድረስ!

ድሮ ወንዱ ሁሉ ጎፈሬ ነበር። ወገራ ላይ በራ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ አባቴ፣ አያቴና አጎቶቼ ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ከሐሳብ ብዛት ነው። በሽታም አልነበረም፤ ቆረቆር ነበር እንጂ፣ እሱማ ያልያዘው ልጅ የለም። ለመንደሩ ሁሉ አንድ ምላጭ ይበቃን ነበር። እንዲያ ያለ ፍቅር ዛሬ የት ይገኛል?

ዐፄ ቴዎድሮስን ተመልከቱ። የቋራው ካሣ ሹሩባቸውን ተሠርተው ነው የተዋጉት። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲያርፉ እንግሊዞች ጸጉራቸውን ቆርጠው ወሰዱ፤ የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን ጸጉር መቶ ሃምሳ ዓመት በባዕድ አገር ይሰነብታል፤ የዛሬው ማበጠሪያ ሲያይ ይረግፋል።

እኔስ ለጸጉር ብዬ ሐኪም ቤት የምሄድ ሰው አልነበርኩም፤ ልጄ ናት ያስገደደችኝ። የዛሬ ሐኪም ጥያቄው አያልቅም፤ ቤተሰብህ እንዴት ነው፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ፣ እንቅርትህ፣ ደምህ። ላሽ ሌላ፣ ቆረቆር ሌላ፣ የዘር በራ ሌላ ነው አለኝ። ላሽ ሰውነት የራሱን የጸጉር ሥር ሲያጠቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ቅባት ብቻውን አይበቃውም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባም የሴቶቹን ግንባር ይመልጣል። ለዘር በራ ሚኖክሲዲል የሚባል አለ፤ ለውጡ ለመታየት ወራት ይፈጃል፣ ስታቆመው ደግሞ የበቀለው ይረግፋል። ዕድሜ ልክ መቀባት! እኔ እንዲህ ያለ ሞኝነት አልቀበልም። ጠርሙሱ ራስጌዬ የተቀመጠው ልጄ እንዳይከፋት ነው፤ ማታ ማታ ብቻ ነው የምቀባው፣ ጠዋት ደግሞ አንዳንዴ።

እናንተ የዘመኔ ሰዎች ግን ልጆቹን ምከሩ። ዘይት ከመግዛታቸው በፊት የቆዳ ሐኪም ያሳዩ፤ ጠባሳ የሠራ ቆዳ ሥሩ ከጠፋ ጸጉር አያበቅልም። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉና በ1947 ዓ.ም. ጤና ኮሌጅ ሆኖ ወደተቋቋመው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኑ፤ የቆዳ ክፍል አለው። ወረፋው ላይ ካገኛችሁኝ ደግሞ እወቁልኝ፣ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው።