ሻምፕላይንን ያላወቀ ዜጋ አይሁን!

ለካናዳ ዜግነት የሚፈተን የአዲስ አበባው የቆሼ ሰፈር ልጅ አገሪቱን ያውቃታል ወይ? ቶሮንቶ ላይ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ያነጋል፤ በረዶ ይዝቃል፤ ግብር ይከፍላል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን እዚያው ምድር ላይ በአካል መገኘቱን አስመዝግቧል። ሞኝ ሰው «ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይወቅ?» ይል ይሆናል። ይህ ሁሉ ግን ካናዳ መኖር እንጂ ካናዳን ማወቅ አይደለም። ማወቅ ማለት ሳሙኤል ደ ሻምፕላይን የተባለ ፈረንሳዊ ዛሬ ኪቤክ ከተማ በቆመችበት ቦታ ምሽግ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1608 መሆኑን ሳይደነቃቀፉ መመለስ ነው።

መንግሥቱ ደግ ስለሆነ «ዲስከቨር ካናዳ» የሚል የጥናት መጽሐፍ በነጻ ያድላል። እዚያ ውስጥ ከሻምፕላይን ቀድሞ የመጣው ዣክ ካርቲዬ አለ፤ የቢቨር ቆዳ ንግድ አለ፤ ፈረንሳዮችና ኢሮኳዎች የታረቁበት 1701 አለ፤ ዣን ታሎን፣ ጳጳሱ ላቫልና ኮንት ፍሮንትናክም ተሰልፈዋል። ጥያቄው 20፣ ማለፊያው 15 ነው። ስለዚህ አምስት ጥያቄ የሳተ ሰው ታማኝ ዜጋ ነው፤ ስድስተኛውን የሳተ ግን ገና አልበሰለም። 55 ዓመት የሞላው ጭራሽ አይፈተንም፤ በዚያ ዕድሜ የሻምፕላይን ፍቅር ሳይጠና በራሱ ይሰርጻል ማለት ነው። እዚያው የተወለደውማ ከእናቱ ሆድ 1608ን ይዞ ስለሚወጣ ማንም አይጠይቀውም።

በዚህ ረገድ የኛ ልጆች አይታሙም። ለፈተና መሸምደድ፣ በማግስቱም መርሳት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሠለጠንበት ሙያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ቆሼ ያለች እህቱን በስልክ «እስኪ ጠይቂኝ» ያላት ማታ፣ እናት ቡና እያፈሉ ጆሯቸውን የጣሉ እንደሆነ ነው።

«ያ ሻምፒዮን የምትለው ሰውዬ፣» ይላሉ እናት ረከቦቱን እየጠረጉ፣ «ቪዛ የሰጠው ማን ነው?»

«እማዬ ደግሞ! ያኔ ቪዛ የለም።»

«ፈተናስ?»

«ፈተናም የለም።»

«እና አንተን ምን አድርገህ ነው የሚያንገላቱህ?»

እናት አልተማሩምና ይታለፉ። የተማረ ሰው የሚያውቀው ካርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1534 ጋስፔ ላይ መስቀል ተክሎ አገሩ የንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ ነው ማለቱን ነው። ባለ አገሩ ዶናኮና ቅር ቢለውም፣ ካርቲዬ የሰውዬውን ሁለት ልጆች በመርከብ ጭኖ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ተመልሶ መጥቶም በ1536 ዶናኮናን ራሱን ወሰደው፤ ሰውዬው እዚያው ፈረንሳይ ሞተ። እንግዲህ የሰው አገር በመርከብ ገብቶ፣ መስቀል ተክሎ፣ ባለቤቱን አፍኖ የወሰደ ሰው የፈተና ጥያቄ ይሆናል፤ በአውሮፕላን ገብቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ግብር የከፈለ ሰው ተፈታኝ ይሆናል። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ የፈረንሳይ ጥናት የሚያልቀው በእንግሊዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 ኪቤክ አጠገብ የጄኔራል ዎልፍ ጦር የሞንካልምን ድል መታ፤ ሁለቱም አዛዦች በዚያው ውጊያ ቆስለው ሞቱ፤ የፈረንሳዮች ግዛትም ብዙ አልቆየም። የኛ ልጅ ታዲያ የተሸናፊዎቹን ታሪክ ሸምድዶ ሲያበቃ፣ ከለንደን ሆኖ በካናዳም ላይ ለሚነግሥ ለቻርልስ 3ኛና ለወራሾቹ ታማኝ ለመሆን ይምላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሣችንን በቮልስዋገን ሸኝተን ዘውድ በቃን ያልን ሰዎች ልጅ ነው እንግዲህ። ዘውዱ ከሩቅ ሲሆን ያምራል።

ፈረንሳይ ከተነሣ ዘንድ ቆሼም የራሱ የፈረንሳይ ምዕራፍ አለው፤ የሚፈትነው ግን አልተገኘም። ለ50 ዓመት ያህል የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተራገፈበትን ክምር ለመዝጋት ታስቦ፣ የፈረንሳይ ልማት ድርጅት ገንዘብ ያለበት ዘመናዊ ማስወገጃ ሰንዳፋ ላይ ተሠራ። በ2008 ሥራ ጀመረ። በወራት ውስጥ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙት፤ መኪኖቹም ዞረው ወደ ቆሼ መጡ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ።

ስለዚህ ከካናዳ እንማርና እኛም ፈተና እናውጣ። ተፈታኞቹ የከተማ ፕላን የሚነድፉና ቦታ የሚመሩ ይሁኑ። ናሙና ጥያቄዎች እነሆ፦

1. ሰው በቆሻሻ ተራራ ሥር ቤት ሠርቶ ሲኖር እያየ ዝም ያለው ማን ነው?
ሀ) ቀበሌው ለ) ክፍለ ከተማው ሐ) ማዘጋጃ ቤቱ መ) ሻምፕላይን

2. ሰንዳፋ ላይ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ገበሬውን አስቀምጦ በወጉ ያነጋገረው ማን ነው?
ሀ) ካርቲዬ ለ) ዎልፍ ሐ) ሞንካልም መ) መልስ የለም

3. ለሟቾቹ የታወጀው ብሔራዊ ሐዘን 3 ቀን ነበር። በ4ኛው ቀን ምን ተባለ?

የመጀመሪያውን «መ» ብለው የሚያጠቁሩት እንደሚበዙ እገምታለሁ። ማለፊያው እንደ ካናዳ 15 ይሁን፤ ግን 55 ዓመት ሞልቶኛል ብሎ ከአዳራሹ የሚወጣ ባለሥልጣን አይኑር።

ልጁን በተመለከተ፣ ይበርታ፣ ይሸምድድ። በአዋጅ 378/1996 መሠረት ወዶ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ኢትዮጵያዊነቱ ስለሚቀር፣ ሰፈሩን ሊጠይቅ ሲመጣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያውጣ። ይኸው አዋጅ ዜግነታችንን ከሚሻ የውጭ ሰው ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን ይጠይቃል እንጂ የታሪክ ጥያቄ አያቀርብለትም። ደግ አድርጓል፤ የዜግነት መለኪያው ታሪክ ማስታወስ ቢሆን ኖሮ፣ ቆሼ ውስጥ መጋቢት 2ን የማይረሱ እናቶች ዲፕሎማቲክ ፓስፖርት ይገባቸው ነበር።