ባለቤቱ ያቀለላት መኪና

እንግሊዝ አገር ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ብልህ ሰው ከነጋዴ አይገዛም፤ ነጋዴ ያተርፍበታል። ከጎረቤትም አይገዛም፤ ጎረቤት ይዋሻል። ብልህ የሚገዛው ፖሊስ የያዛትን ነው። ኢንሹራንስ የላትም ተብላ ከመንገድ የተነሳች፣ ባለቤቷ ሳይጠይቃት የቀረች፣ በመጨረሻ ለጨረታ የወጣች መኪና በሕግ እጅ ስላለፈች ብቻ ንጹሕ ናት ተብሎ ይታመናል። ታስራ ስለከረመች ጠባይዋም ሳይታረም አልቀረም። እንዲህ ያለውን ገበያ እያለፉ ሌላ ቦታ ገንዘባቸውን የሚበትኑ ሰዎች ያሳዝናሉ።

አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳን መኪና እዚያው መንገድ ላይ የመያዝ ሥልጣን ለፖሊስ ሰጠ። ካሜራው ታርጋውን ያነባል፣ ከኢንሹራንስ መዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ ፖሊሱም ጎታች መኪና ይጠራል። ባለቤቱ መልሶ ለመውሰድ ዕድል አለው። በ2023 በተሻሻለው ታሪፍ ለአንዲት ጤነኛ የቤት መኪና የማንሻው 192 ፓውንድ ነው፤ የማደሪያው ደግሞ በቀን 26። ሁለት ሳምንት ገደማ ከቆየች ሒሳቡ ከ500 ፓውንድ ያልፋል። በዚህ ላይ መንጃ ፈቃድና የጸና ኢንሹራንስ ማሳየት አለበት። ካልመጣ ወይ ትሸጣለች ወይ ትጨፈለቃለች።

እንግዲህ ገዢያችን ሳያያት የሚያልፋት ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ናት። የዚያችን መኪና ገመና ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው። ጠዋት በብርድ ስትነሳ የምታሰማውን ድምፅ፣ በየስንት ቀኑ ዘይት እንደምትጠጣ፣ ሦስተኛው ማርሽ ለምን እንደሚያስቸግር የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ሰው ሒሳቡን ሠራ፤ ጥቂት መቶ ፓውንድ ከፍሎ ከሚወስዳት ብትቀርበት መረጠ። አባቶቻችን ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይሉ ነበር። ምስኪኖች፣ የጨረታ አዳራሽ አላዩም። እዚያ ባለቤቱ ያቀለለው አሞሌ እጅ እየተነሣበት ዋጋው ይወጣል።

«ባለቤቱ የተዋት መኪናዋ ስለከፋች ላይሆን ይችላል» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ውኃ የሚያነሳ ነው። ያለ ኢንሹራንስ ሲነዳ የተያዘ ሰው በተለምዶ 300 ፓውንድ ይቀጣል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይም 6 ነጥብ ይመዘገብበታል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ 2 ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ በ6 ነጥብ ፈቃዱን ያጣል። ለወጣት ሾፌር የሚጠየቀው ኢንሹራንስ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥም ይችላል። ስለዚህ ደህና መኪና በድኻ ኪስ ምክንያት የምትቀርበት አጋጣሚ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ሕግ የሚያስገድደውን ኢንሹራንስ ያልከፈለ ሰው ማንም የማያስገድደውን ዘይት በየጊዜው ሲቀይር ነበር ብሎ ለማመን ጽኑ ሃይማኖት ይጠይቃል። «የማትረባዋ ተጨፍልቃ የምትሸጠው የተመረጠችው ናት» የሚለውም እውነት አለው፤ ብቻ የመረጣት ሰው መመዘኛው የገዢው ደኅንነት አይደለም፤ ከቁርጥራጭ ብረት የተሻለ ታወጣለች ወይ የሚል ነው። ከቁርጥራጭ ብረት መሻል መቼም ትልቅ ምስክርነት ነው።

ደግሞስ ሕጉ ይጠብቀኛል ለሚል ሰው ሕጉ የተለየ ስጦታ አዘጋጅቶለታል። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ፣ ሰው በአካል ሊገኝበት በሚችል ሕዝባዊ ጨረታ ያገለገለ ዕቃ የገዛን ሰው ለዚያ ግዢ እንደ ሸማች አይቆጥረውም። ከነጋዴ ቢገዛ ኖሮ ሞተሯ በሳምንቱ ቢሞት የሚይዘው እጀታ ነበረው። ይህ ብልህ ግን ከሚያተርፈው ነጋዴ ሲሸሽ መብቱንም በር ላይ ጥሎት ገባ። ሊብሬዋ ብዙ ጊዜ አብራ አትመጣም፤ 25 ፓውንድ ከፍሎ በስሙ ማውጣት ይችላል። ወረቀቱ ላይ ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ በግልጽ ተጽፏል። መኪናዋ በዱቤ የተገዛች ሆና ክፍያዋ ካላለቀ አበዳሪው ኩባንያ የሚለው ነገር ሊኖረው ስለሚችል ታርጋዋን ከመጫረት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። ይህ ግን ጥቂት ፓውንድ ያስወጣል፤ ቆጣቢ ሰው ደግሞ በእንዲህ ያለው አይባክንም።

መዶሻው ከወደቀ በኋላ ነው የሥራው ውበት የሚታየው። መስታወቷ ላይ ቁጥር የተጻፈባት መኪና ባትሪዋ ሞቷል፤ በገመድ ተበድራ ትነሳለች፣ ዳሽቦርዷ እንደ ገና ዛፍ ይበራል። ቁልፏ አንድ ነው፣ እሱም ካለ። ገዢው «ቤት እስክደርስ ነው» ይላል። የቀድሞው ባለቤትም ምናልባት ይህንኑ ብሎ ይሆናል። የመንገድ ግብሩ ከ2014 ወዲህ ከመኪና ጋር ስለማይተላለፍ እንደ አዲስ ይከፈላል። ኢንሹራንሱም እዚያው ቆሞ መገዛት አለበት፤ ተገዝቶም መዝገቡ ላይ እስኪታይ ጥቂት ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ካሜራው ያችኑ ታርጋ እንደ ዱሮው ሊያያት ይችላል። የኢንሹራንስ ወረቀቱን በእጁ ካልያዘ ለትራፊክ ፖሊሱ ማስረዳት ይጠብቀዋል።

ገንዘቡስ የት ይገባል? ከሽያጩ ላይ መጀመሪያ የማንሻው፣ የማደሪያውና የሽያጩ ወጪ ይቀነሳል። የቀድሞው ባለቤት አልከፍልም ብሎ የሸሸውን ዕዳ ገዢው ከነጨረታው ኮሚሽን ከፈለለት ማለት ነው። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ደግሞ ባለቤት እንደነበር የሚያስረዳ ሰው እስከ አንድ ዓመት ድረስ መጥቶ ሊወስደው ይችላል።